የማይጠይቅ እጅ

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አለ ጋሼ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ።

ሚጢ ምንጣፏን እየዘረጋች ነበር፤ እጇ የምንጣፉን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ታላቅ ወንድሟ ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ወገቤን ያለ ሰው መጥቶ አልጋው ላይ በደረቱ ሲተኛለት፣ መዳፉን ከማጅራት እስከ ወገብ አንዴ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፣ በቃ። ከዚያ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ታማሚው ራሱ ትንፋሹን ይስባል። ብዙ ሰው ሕመሙ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ጋሼ ከነካው በኋላ ነበር። ደንበኞቹ «ዝምታ» የሚል ስም ያወጡለትም በዚሁ ነው፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያሻል፣ ሲጨርስ የአልጋውን ጠርዝ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል።

አልጋው ላይ የተደፋችው ልብስ ሰፊ ሳቀች። «ምነው ዛሬስ? እጅህ ሲያወራ ኖሮ አሁን የአፍህ ተራ ደረሰ?»

ጋሼም ሳቅ አለ፤ ግን መልሷን ጠበቀ። ቀኝ ወገቤ ጋ አለችው።

ክፍላቸው ከመስታወት ቆራጮች ሱቅ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣ አንድ ክፍል ነው። ከታች ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲጥ እያለ ሲቆረጥ ይሰማል። መሃሉን ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ ይከፍለዋል። በወዲያ በኩል የጋሼ አልጋ አለ፣ ፊት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው፣ አናጢ በልኩ የሠራለት፤ አጠገቡ ሙቅ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን፣ ሳህኑ ውስጥ የዘይት ጠርሙስ። በወዲህ በኩል የሚጢ ምንጣፍና መስኮቱ። እሱ ማሳጅ ያደርጋል፤ እሷ ዮጋ ታሠራለች። የታመመ ጀርባ ሁሉ መጀመሪያ በሱ እጅ ያልፍና ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ወደሷ ይመጣል። ጋሼ ጠርዙን ኳ ኳ ካደረገ በኋላ በመጋረጃው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይላታል፤ «ግራ ትከሻ ሥር»፣ ወይም «ወገቡ ነው፣ ቀስ በይ»። እሷም ከዚያ ተነሥታ የትኛውን እንቅስቃሴ እንደምታስቀድም ታውቃለች። በእጅ ብቻ የላላ ጀርባ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይቋጠራል፤ ያልላላውን ጀርባ ደግሞ ተጣጠፍ ብለው ቢያስገድዱት ይቆጣል። «እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ አንቺ ታስወጫቸዋለሽ» ይላት ነበር፣ መናገር ያማረው ዕለት።

ይህን ሥራ የጀመረው በእናታቸው ጀርባ ላይ ነው። እናታቸው የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገቻቸው። ከሥራ ስትመለስ ወለሉ ላይ ዝርግት ትልና «ና እስቲ ልጄ» ትለዋለች፤ ሚጢ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። እናትየው ስትሞት ጋሼ ትምህርቱን አቋርጦ እህቱን በነዚያው እጆች አሳደገ። እሷም አድጋ አንድ የዮጋ አዳራሽ ውስጥ ጽዳት ስትሠራ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ በር ላይ ቆማ ስታይ ስታይ፣ አስተማሪዋ አንድ ቀን «ከምታዪ ለምን አትገቢም» አለቻት። የተማረችውን ይዛ ወደ ወንድሟ መጣች። መጋረጃውን የሰቀሉት ያኔ ነው።

ኳ ኳ አለ ጠርዙ። «ቀኝ ወገብ» አለ ጋሼ።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ሚጢ ጉልበቷን ወደ ደረቷ እንድትስብ ነገረቻት። ጀርባዋ አልታዘዘም፤ እንደ ሳንቃ ግትር ብሎ አብሮ ተነሣ። ሚጢ እጇን ከሥሯ ሰደደች። ቀኝ ወገቧ ላይ ምንም የለም። ቋጠሮው በግራ በኩል፣ ከትከሻ አጥንቷ ሥር፣ ማንም ሳይነካው እንደ ጠጠር ቁጭ ብሏል። ያንን ትከሻ እየሸሸች ተጣማ ስለምትቀመጥ ነው ወገቧ የሚጮኸው። ድሮ ጋሼ ይህን በአንዲት መዳፍ ያገኘው ነበር።

ሚጢ ወደ መጋረጃው አየች። ከዚያ ሴትዮዋን በጎኗ አስተኛቻትና፣ ወንድሟ ሲያደርግ አይታ እንደምታውቀው፣ አውራ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳርፋ፣ ትንፋሿን እስክትለቅ ጠበቀች። ሴትዮዋ ይህም የዮጋው አካል መሰላት። ቆይቶ ጠጠሩ ሟሟ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር፤ ጀርባን እንደ ድመት ወደ ላይ ማጉበጥ፣ ወደ ታች ማርገብ፣ ጉልበትን አጥፎ ወደ ጎን መጠምዘዝ፣ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ተኮራምቶ ግንባርን መሬት ማስነካት።

ልብስ ሰፊዋ ስትነሣ ሰውነቷ ቀሎላታል። መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጋሼ ሄደችና «እጅህ ይባረክ» አለችው፣ «ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠህ»። ጋሼ እጁን በፎጣ እየጠረገ ፈገግ አለ። ሚጢ ያን ፈገግታ አየችና ደስ አላት። ነገሩ የተበላሸው እዚያች ደስታ ላይ ነው።

እርግጡን ለማወቅ ብላ በማግስቱ ጀርባዬን አሞኛል አለችው። አልጋው ላይ በደረቷ ተኛች። የወንድሟ መዳፍ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ወረደ። ልጅ ሆና ስታለቅስ የሚያስተኛት መዳፍ ነው፤ ክብደቱን ታውቀዋለች፣ ሙቀቱን ታውቀዋለች። አሁንም ክብደቱም ሙቀቱም አለ። የጠፋው ሌላው ነገር ነው፣ በጨለማ ግድግዳ እየዳሰሰ መንገድ የሚያውቅ ሰው ዓይነት ነገር። መዳፉ እንደ ተጣለ ፎጣ አልፏት ሄደ። «የቱ ጋ ነው?» አላት። ምንም ያላመማትን ቦታ ነገረችው። ጋሼ ያንን ቦታ በሙሉ ልቡ፣ በሙሉ ጥንቃቄ አሸላት፤ እሷም ፊቷን ቀዳዳው ውስጥ ቀብራ የወለሉን ጣውላ እያየች ቆየች። «ተሻለኝ» አለችው ስትነሣ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ጋሼ ይጠይቃል፣ የተባለውን ቦታ ያሻል፣ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሚጢ ከመጋረጃው ወዲህ ሥራውን ከሥሩ ትጀምረዋለች። በአውራ ጣቷ፣ አውራ ጣቷ ሲዝል በክርኗ፣ ድምፅ ሳታሰማ። የምታሠራበት ሰዓት ሲረዝም ጋሼ ምነው ቢላት፣ ሰዎቹ ዮጋውን ወደውት ነው አለችው። «ይውደዱት እንጂ» አለ፣ በሷ ኮርቶ። ያ ኩራቱ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ሌላ ሌላውንም ታይ ነበር። ጋሼ አዝራር ያለው ሸሚዝ መልበስ ትቶ በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ አዘወተረ። ብርጭቆ ከእጁ ሲወድቅ «አንሸራተተኝ» ይላል። ወደ ቤት ሲሄዱ አረማመዱ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ሰፋ ሰፋ ብሏል። ድካም ነው ትላለች ለራሷ። ቀኑን ሙሉ በሰው ጀርባ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ሰው እንዴት አይደክም።

ነገሩን ሊያፈርጠው የነበረው የከባድ መኪና ሹፌሩ ነው። ግዙፍ፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ በመጣ ቁጥር «ዝምታ፣ ሚስቴን አንድ ሳምንት አንተ ጋ ላስቀምጣት፣ ትንሽ ይጋባባት እንደሆነ» ሳይል አይተኛም። አንድ ቀን ጋሼ ጠርሙሱን ከሙቅ ውሃው አውጥቶ ዘይቱን ጀርባው ላይ ሲያፈስበት፣ ሹፌሩ ዘሎ ተቀመጠ። «ኧረ ሰውዬ፣ ልታሸኝ ነው ልትጠብሰኝ?» አለ፣ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ቁጣ ሆኖ። ሚጢ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የሹፌሩ ጀርባ ብዙም አልተጎዳም። የጋሼ መዳፍ ግን ጠርሙሱን በጨበጠበት በኩል ውሃ ቋጥሯል።

«እጅህ ተቃጥሏል» አለችው።

እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። «አላመመኝም» አለ።

ሹፌሩ ከሄደ በኋላ ሐኪም ቤት እንሂድ አለችው። ብርድ ነው አላት። ለመነችው። ያኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከወትሮው ረዘም አድርጎ ተናገረ።

«ሚጢ፣ እጄ ችግር ቢኖርበት ሰው ይድን ነበር? እስቲ አንድ ሳይሻለው የሄደ ሰው ጥሪልኝ። እንዲያውም እንደ ዘንድሮ ሰው ድኖም አያውቅ።»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ ትንሽ ተንጠለጠለና ተመልሶ ወረደ። እንዴት አድርጋ ትበለው? ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ትምህርቱን ለሷ ሲል ትቷል። የቀረው ያ መዳፍና፣ ሰው ሲሄድ የሚለው «እጅህ ይባረክ» ብቻ ነው። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ቁስሉን በፋሻ አሰረችለት። ቁስሉ ዳነ፣ ዝናቡ አባርቶ በጋ ገባ፣ ነገ የተባለው ቀን ግን ሳይመጣ ቀረ።

በመጨረሻ የተናገረው እግሩ ነው። አንድ ጠዋት የብረቱን ደረጃ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ከዳውና እስከ ታች ተንከባለለ። መስታወት ቆራጮቹ ሥራቸውን ጥለው አነሡት። አጥንቱ አልተሰበረም፤ መቆም ግን አቃተው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ እንቅልፍ የናፈቃት ግን የማትቸኩል። እግሩን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፣ ክንዱን አጠፈች ዘረጋች። ከዚያ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችውና ከኪሷ የበር ቁልፍ አውጥታ የተዘረጋ መዳፉ ላይ አስቀመጠች።

«እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችው።

ጋሼ ዓይኑን እንደጨፈነ ጠበቀ። «ገና አላስቀመጡም» አለ።

ሚጢ ጥግ ካለው ወንበር ሆና ታያለች። ያ ከልብስ በላይ እንኳ ሆኖ ሰው የማያውቀውን ሕመም የሚያገኝ መዳፍ ላይ ቁልፉ ያብረቀርቃል። ጋሼ ዓይኑን ገልጦ አየው። አይቶት አይቶት፣ ሳያነሣውም ሳይጥለውም እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

የተነሣው የአንገቱ ፎቶ ሲመጣ ሐኪሟ አስረዳቻቸው። አንገቱ ውስጥ አጥንቱ ወደ ውስጥ አድጎ፣ ከአንጎል የሚወርደውን የነርቭ ገመድ ተጭኖታል። አሁን ማወቅ የምትፈልገው መቼ እንደጀመረ ነው። ጉዳቱ ከመውደቁ ወዲህ የመጣ ከሆነ አንገቱን አስረው እብጠቱ እስኪቀንስ ማየት ይቻላል፤ ቀስ እያለ የቆየ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቀን እግሩንም ይወስድበታል፣ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ጥገና መግባት አለበት። ስለዚህ በደንብ አስበው ይንገሩኝ አለችው።

ጋሼ አሰበ። አልዋሸም፤ የሚያምነውን ነው የተናገረው። አልፎ አልፎ ብርድ ይይዘኝ ነበር እንጂ እጄ ደህና ነበር፣ እስከወደቅሁባት ቀን ድረስ ሰው ሳሽ ነበር፣ ሰውም ይድን ነበር አላት። ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች።

ሚጢ የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ሰማች።

«ከዓመት በላይ ሆኖታል» አለች።

ጋሼ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?» አላት፣ ሳይቆጣ፣ ትንሽ ልጅ ስትቀባጥር እንደሚባለው።

«ጋሼ፣ ሰዎቹን የማሻቸው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ሚጢ ሁሉንም ተናገረች፤ ልብስ ሰፊዋን፣ ጠጠሩን፣ የውሸት የጀርባ ሕመሟን፣ የረዘመውን ሰዓት፣ የፈላውን ዘይት። ስትናገር ፊቱን ማየት አልቻለችም። እጁን ነበር የምታየው። እጁም መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጭኑ ላይ እንደተጋደመ፣ አንድም ጣት ሳያንቀሳቅስ ሰማት።

ቀዶ ጥገናው እግሩን አተረፈለት። እጁ ግን አልተመለሰም። ሚጢ ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ጠብቃ፣ ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮ ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ሐኪሟ ገባት። ቀደም ቢል የተሻለ ዕድል ነበረው፣ ምን ያህል የተሻለ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም አለቻትና ትከሻዋን መታ አድርጋ ሄደች። ሚጢ ያንን «ማንም አያውቅም» ተሸክማው ዞረች። አንዳንድ ቀን ያጽናናታል፤ አንዳንድ ቀን ከታች እንዳለው መስታወት መቁረጫ ልቧን ሲጥ ያደርጋታል።

ቤት ከገቡ በኋላ ጋሼ ዝም አለ። ዝምታው ድሮም ነበረ፤ ያ ግን ሰው የሚያስጠጋ ዝምታ ነበር፣ የአሁኑ በሩን የዘጋ ነው። አንገቱን በድጋፍ ታስሮ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ባለቤቱ መጥቶ እንደሚወስደው ዕቃ ያያቸዋል። ሹራቡን ስታለብሰው፣ ማንኪያ ስታስይዘው «አመሰግናለሁ» ይላታል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተነጥፋ ሳለች በድንገት ጠየቃት።

«ሹፌሩስ?»

ምን እንደሚጠይቃት ወዲያው ገባት። «እኔ ነኝ» አለች።

«አስተማሪውስ? ያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቅቶት የነበረው።»

«እኔ።»

«መንታ የወለደችውስ? እሷ እንኳ መጀመሪያ ላይ አይደል የመጣችው? ልጆቼን ማቀፍ ቻልኩ ብላ ያለቀሰችው።»

ሚጢ አፏን ከፈተች። እሷስ ያንተ ናት ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ጀርባ ነው የሚለምናት። ብትሰጠው ምን ነበረበት? ግን ቀና ብላ ስታየው፣ ድሮ መዳፉን ሰው ጀርባ ላይ ሲያሳልፍ የነበረው ፊት ነው የተመለሰው፣ ሳይጠይቅ የሚያውቀው ፊት፤ አሁን ደግሞ በዚያ ፊት እየጠየቃት።

«እሷም» አለች።

ጋሼ አንገቱን መነቅነቅ ስለማይችል ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «እሺ» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ያኔ ብትነግሪኝ እጠላሽ ነበር» አላት። «አሁን መጥላቱንም አልቻልኩበት።»

ሚጢ ውጭ ወጥታ በሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ድምፅ አለማሰማቱን ለምዳዋለች።

ሥራ መሥራት ግድ ነውና ወደ ክፍሉ ተመለሰች። አልጋውም ምንጣፉም የሷ ሆኑ። በመጋረጃው ወዲያ ታሻለች፣ ከዚያ ገልጣ ወዲህ ታመጣቸዋለች። አንዳንዴ ማሸቱን ስትጨርስ ሳታስበው ጠርዙን ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ከመጋረጃው ወዲህ ግን የሚሰማት የለም። የምታሻቸው ሰዎች ትንፋሻቸውን ሲለቁ እሷ የሱ ሳል፣ የሱ እግር ኮቴ የሚሰማት ይመስላታል።

አንድ ጠዋት እውነትም ኮቴው ተሰማ። የብረቱን ደረጃ፣ የእጅ መያዣውን በክርኑ ተደግፎ፣ እግሩን እየቆጠበ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ሰላም አላትና፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክፍሉን ዙሪያውን አየ።

«መጋረጃውን አውርጂው» አለ።

ሚጢ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆየ። ለካ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋውና ምንጣፉ ይህን ያህል የተቀራረቡ መሆናቸውን ሁለቱም አያውቁም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ ተደፋች። ሚጢ መዳፏን ከማጅራቷ ጀምራ ቀስ አድርጋ አሳለፈች፣ ወንድሟ እያያት።

«ግራ ትከሻዋ ሥር ነው» አለ ጋሼ ከተቀመጠበት።

ሚጢ ቆመች። የሴትዮዋ ግራ ትከሻ ከዳነ ቆይቷል። «አይ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬስ ታፋዋ ላይ ነው።»

«እንዲያ ነው?» አለ።

አሸቻት፣ ከዚያ ወደ ምንጣፉ አውርዳ አሳጠፈቻት፣ አስዘረጋቻት፣ አስተነፈሰቻት። ልብስ ሰፊዋ ስትነሣ እንደ ልማዷ ወደ ጋሼ ዞራ «እጅህ ይባረክ» አለች። አፏን ያዘች፤ የተናገረችው ዘግይቶ ነው የገባት።

«እጁ የሷ ነው» አለ ጋሼ። ሊያሳፍራት ብሎ አይደለም፤ የወደቀ ዕቃ አንሥቶ ለባለቤቱ እንደሚሰጥ ሰው ነበር የተናገረው።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ደረጃው ላይ የሌላ ሰው ከባድ እርምጃ ተሰማ። የሹፌሩ ይመስላል። ሚጢ ወደ ዘይቱ ልትሄድ ስትል ጋሼ ተነሣ። «ተይ፣ እኔ» አላት። ጠርሙሱን በሁለት እጁ አንጓ መሃል አጣብቆ ከውሃው አወጣው። ሚጢ እንዳያቃጥለው ዓይኗን አልነቀለችም፤ እጇ ግን ባለበት ቆየ። ጋሼ ጠርሙሱን እያንጠባጠበ ወደ ፊቱ አነሣና፣ እጁ የማይነግረውን ሙቀት ለመለካት ጉንጩ ላይ አስደገፈው። ዓይኑን ጨፈነ። እርምጃው በሩ ደረሰ።

«ደርሷል» አለ፤ ጠርሙሱን ግን ወዲያው አልሰጣትም።